ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ

ባለቤቴ ለሰው ስታስረዳ አሳጥራ ነው የምትጨርሰው። «እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ነው» ትላለች። ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ መጠየቅ ያፍራል። እኔ ላስረዳ ስል ነገሩ ይብስበታል። «አንድ የማላውቀው ሰው አንድ ዕቃ ይደብቃል። የደበቀበትን ቦታ ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል። እኔ በስልኬ እየተመራሁ ሄጄ እፈልገዋለሁ።» እሺ፣ ውስጡስ ምን አለ? «ወረቀት።» ከዚያስ? «ስሜን እጽፍበትና እዚያው መልሼ እደብቀዋለሁ።» እዚህ ላይ ሲደርስ እንግዳው ባለቤቴን በሐዘኔታ ያያታል።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። የሚደበቀው ዕቃ ደግሞ ካሽ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለማያውቃት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ያለች፣ እንጀራ እንደ ወተት ከየሱቁ የሚገዛባት ከተማ ናት። አበሻ ሞልቷል። ጂኦካሺንግ የሚጫወት አበሻ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ የተጀመረው በመንግሥት ውሳኔ ሰበብ ነው። ቦታን በሳተላይት የሚያሳየው ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ነው፣ የሚያንቀሳቅሰውም ጦሩ ነው። እስከ 2000 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለሲቪሉ የሚለቀቀው ምልክት ሆን ተብሎ የተዛባ ነበር። እስከ 100 ሜትር ሊስት ይችላል። ለመርከብ መቶ ሜትር ምንም አይደል። ጫካ ውስጥ የተደበቀች ቆርቆሮ ለመፈለግ ግን ዋጋ የለውም። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ ይቅር አሉና ሜይ 2 ቀን 2000 ተቋረጠ። ሰው እጅ ላይ የነበረው ጂፒኤስ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዐሥር እጥፍ ያህል ተሻሻለ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ፣ ከፖርትላንድ ወጣ ብሎ፣ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና ኬክሮስና ኬንትሮሱን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ የታሸገ ባቄላ ነው። ምን አስቦ እንደሆነ እሱ ያውቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማይክ ቲግ የሚባል ሌላ ሰው ሄዶ አገኘው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጄረሚ አይሪሽ የሚባል ሰው ሲያትል ሆኖ የጨዋታውን ድረ ገጽ ከፈተ። ዛሬ በዓለም ላይ ተደብቀው የሚፈለጉት ካሾች ከ3 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አንዱ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ነው። ሪቻርድ ጋሪዮት በ2008 ሲሄድ ያስቀመጠው። እሱ ለጊዜው ይቆየኝ።

ሰው «ጂፒኤስ ካለህማ ምኑ ከባድ ነው?» ይለኛል። ሳተላይቶቹ ያሉት ከእኛ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው። ስልክህ ቦታህን የሚያሰላው ምልክቱ ከሳተላይት እሱ ጋ እስኪደርስ በፈጀው ጊዜ ነው። ሰዓቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ቢዛባ ስሌቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። ሜዳ ላይ ከሆንክ ጥሩ ይሠራል። ወፍራም ዛፍ ሥር ወይም ፎቅ አጠገብ ግን ምልክቱ እየተጋጨ፣ እየነጠረ ነው የሚደርስህ። ስለዚህ ስልኩ ትክክለኛው ቦታ አጠገብ ያደርስህና «ደርሰሃል» ብሎ ይተውሃል። የት ነው የደረስኩት? ከዚያ በኋላ ያለው የዓይን ሥራ ነው። ደስታውም ብስጭቱም እዚያች የመጨረሻዋ ክብ ውስጥ ነው ያለው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣች ጊዜ ስላይጎ ክሪክ ወደሚባለው የሰፈራችን ወንዝ ዳር ይዣት ሄድኩ። ነጠላዋን ተከናንባለች፣ እግሯ ላይ ስኒከር ነው። ስልኩ ትልልቅ ዛፎች መሀል አደረሰኝና ቀስቱ ይዞር ጀመር። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ መጣንበት። እኔ የዛፍ ሥር እጎረጉራለሁ፣ ቅጠል እገልጣለሁ። እሷ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«አንተ ልጅ፣ ምንድነው የጠፋህ?»

«ዕቃ ነው እማዬ።»

«የማን?»

«የሰው።»

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ተነሣችና ወደ አንድ የወደቀ ግንድ ሄደች። ከግንዱ ሥር ጭራሮ ተከምሯል። «እንጨት እንዲህ አይወድቅም» አለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ጭራሮው ሁሉ ቁመቱ እኩል ነው። ጫፍና ጫፉ ገጥሞ፣ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ነፋስ የጣለው እንጨት አንዱ በአንዱ ላይ ተጣምሞ ነው የሚተኛው። እናቴ ገጠር ነው ያደገችው፣ ልጅነቷ እንጨት ለቀማ ላይ ነው ያለቀው። ነፋስ የጣለውንና ሰው ያስቀመጠውን ለመለየት ሳተላይት አላስፈለጋትም። ጭራሮውን ብናነሣው አረንጓዴ የተቀባ፣ ክዳኑ በአራቱም ጎን የሚቆለፍ የምግብ ማስቀመጫ ዕቃ ወጣ። ውስጡ ጫፉ የረጠበ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ዳይኖሰርና ጊዜው ያለፈ የፒዛ ኩፖን አለ።

«ለዚህ ነው?» አለች።

ግን ብዕሩን ተቀበለችኝ። ስሟን በአማርኛ ከነአባቷ ጻፈች። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ጻፈችበት። ከእኛ በኋላ የመጣው ሰው ሳጥኑ ከመደበቁ በፊት የተፈረመ ፊርማ አግኝቷል ማለት ነው። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ።

የጨዋታው አንዱ ሕግ ሰው እንዳያይህ ነው። ካሹን የማያውቅ ሰው ካየ ይወስደዋል ወይም ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል። ስለዚህ ምንም የማታደርግ መስለህ ነው የምትፈልገው። የእግር ጉዞ ዱላ ለያዘ፣ ባርኔጣ ላደረገ ነጭ ጡረተኛ ይሄ ቀላል ነው። ያየው ሁሉ ቁልፍ ጠፍቶት ይሆናል ብሎ ያልፋል። እኔ ጥቁር ሰው ነኝ። የሰው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ መሸት ሲል፣ ጎንበስ ብሎ ግራ ቀኝ የሚያይ ጥቁር ሰው ሌላ ነገር ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የመብራት ምሰሶ ሥር ተንበርክኬያለሁ። ምሰሶው ሥር ብሎኑን የሚሸፍን ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮውን ወደ ላይ ከፍ ስታደርገው ካሹ ሥሩ ቁጭ ብሏል። በጨዋታው ዓለም የታወቀ፣ የተሰለቸ መደበቂያ ነው። ከኋላዬ መብራት በራ። ፖሊሱ በትሕትና ነው የጠየቀኝ፣ አልዋሽም። ግን ስልኬን አውጥቼ አፑን ከማሳየቴ በፊት እጄን የት ላድርገው የሚለውን ነው ያሰብኩት። ልጄ መኪና ውስጥ ሆና ታየኛለች። ፖሊሱ አፑን አይቶ ሳቀ፣ «አገኘኸው?» ብሎኝ ሄደ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ሕግ አወጣሁ። በጨለማ የለም። የልጆች መጫወቻ አጠገብ የለም። የሰው መስኮት ሥር የለም። አንዳንዱ ተጫዋች የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ወረቀት መያዣ ሰሌዳ በእጁ ይዞ ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ሰደርያ የለበሰን ሰው ማንም ምን ትሠራለህ አይለውም። እኔም መኪናዬ ውስጥ አንድ አለችኝ። ፍርሃቱ ከሌላው ወገን ሲታይ ደግሞ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። በ2011 እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ካሽ ሲያስቀምጥ የታየው ቦምብ አጥማጅ መስሎ ነው። መንገድ ተዘጋ፣ ቦምብ አምካኞች መጥተው ምስኪኗን የፕላስቲክ ዕቃ አፈነዷት። ደግሞ በጣም የሚወደደው የካሽ ዕቃ የአሜሪካ ጦር የተገለገለበት የጥይት ሳጥን መሆኑን አትርሱ። ክዳኑ ላይ ጎማ አለው፣ ውኃ ጠብ አያደርግም። ግን እኛ አገር ጫካ ውስጥ የጥይት ሳጥን ያገኘ ሰው ስሙን ሊጽፍበት አይከፍተውም።

ታዲያ ለምን አትተወውም ላላችሁኝ፣ ጆንስ ፖይንት ነው መልሴ።

አሌክሳንድሪያን ከሜሪላንድ የሚያገናኘውን የዊልሰን ድልድይ የዲሲ አካባቢ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ራሴ በላዩ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቤት ይቁጠረው። ከሥሩ ምን እንዳለ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ከሥሩ መናፈሻ አለ። ከመናፈሻው ጫፍ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ነጭ የእንጨት ቤት ጣሪያ ላይ የተሠራች የመርከብ መብራት አለች። ከፊቷ፣ በወንዙ ዳር ግንብ ውስጥ፣ የዲሲ የደቡብ ማዕዘን ድንጋይ አለ። ዋና ከተማዋ መጀመሪያ ስትከለል እያንዳንዱ ጎኗ 10 ማይል የሆነ ካሬ ነበረች። በዙሪያዋ በየማይሉ ድንጋይ ተተከለ፣ በጠቅላላው 40። መጀመሪያ የተቀመጠው እዚህ ነው፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1791።

ቅየሳውን የመራው አንድሩ ኤሊኮት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አብሮት የሠራው ደግሞ ቤንጃሚን ባነከር ይባላል። በ1731 እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደ፣ ባሪያ ያልነበረ ጥቁር ገበሬ ነው። ሥነ ፈለክን በተዋሳቸው መጻሕፍት ራሱን በራሱ ያስተማረ። የተሰጠው ሥራ ሌሊት ሌሊት ከዋክብትን መከታተልና ሰዓቱ እንዳይዛባ መጠበቅ ነበር። ድንጋዩ የሚተከልበት ነጥብ የሚታወቀው ከሰማይ ነውና። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቷል፣ ክረምት ነው፣ የሚሠራው ድንኳን ውስጥ ነው። እንግዲህ አስቡት። በዚያ ዘመን ሰማይ አይቶ ምድር ላይ አንዲት ነጥብ የሚፈልግ ጥቁር ሰው። እኔ በስልክ የማደርገውን እሱ በኮከብና በሰዓት ነው ያደረገው። ልጄን ግንቡ ዳር አቁሜ ይሄን ሁሉ ነገርኳት። «እሱንስ ፖሊስ ጠየቀው?» አለችኝ።

እንግዲህ ይሄን ድንጋይ ማን አሳየኝ? ካሽ ፍለጋ ነው ያሳየኝ። የፌደራል ፓርክ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ዕቃ መደበቅ ክልክል ነው። ስለዚህ ዲሲ መሀል በብዛት ያሉት ቨርቹዋል ካሾች ናቸው። ሳጥን የለም። ሄደህ ቦታውን ታያለህ፣ እዚያ ካልቆምክ በቀር የማይመለስ ጥያቄ ትመልሳለህ። የሰሜኑ ማዕዘን ድንጋይ ደግሞ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። ዓመታት አጠገቡ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ እኔ ካሽን የምመዝነው በደባቂው ነው። ጥሩ ደባቂ የሚወደው ቦታ አለው። የተረሳ የውኃ ወፍጮ ይሆናል፣ ማንም የማያስተውለው ፏፏቴ ይሆናል። ሳጥኑ ሰበብ ነው፣ ና እይልኝ ነው የሚልህ። መጥፎ ደባቂ ቁጥር ነው የሚያየው። ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ኢ.ቲ. ሀይዌይ በሚባለው መንገድ ዳር ከአንድ ሺህ በላይ ካሾች ተደርድረው ያውቃሉ። ሕጉ በሁለት ካሾች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይኑር ስለሚል በየ161 ሜትሩ አንድ። ሁሉም የድሮ ካሜራ ፊልም መያዣ፣ ሁሉም ድንጋይ ሥር። ሰው መኪና እየነዳ፣ እየወረደ፣ እየፈረመ፣ በአንድ ቀን በመቶ የሚቆጠር ያገኛል። ይመቻቸው። እኔን ግን እሱ ነገር የፋብሪካ ሥራ ነው የሚመስለኝ። የገበያ አዳራሹ የመብራት ምሰሶም ያው ነው። እዚያ መኪና ማቆሚያ ምን እንዳይ ነው የጠራኸኝ?

ሌላው ብስጭት ጥቃቅን ነው፣ ግን ይደማመራል። ወረቀቱ ረጥቦ ገንፎ ሆኖ ታገኘዋለህ። ባለቤቱ ደብቆ ጠፍቷል፣ መልእክት ብትጽፍ አይመልስም። በጋ ላይ መዥገር አለ፣ ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዝን አይቪ አለ፣ ነክቶህ ሳምንት ሙሉ ስታክክ ትከርማለህ። አንዳንዱ ፈልጎ ሲያጣ ከኪሱ ሌላ ዕቃ አውጥቶ ይጥልና «አገኘሁ» ብሎ ይመዘግባል። ይሄ ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው፣ የሚከራከርለት ሰው ግን አይጠፋም። እንቆቅልሽ ካሽ የሚባልም አለ። ቦታው የሚታወቀው መጀመሪያ እንቆቅልሹ ከተፈታ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር እንቆቅልሽ ያቃተው ሰው አገር ሰጥቶ ይገላገላል። እዚህ ለማን ጎንደርን እሰጣለሁ?

ከሁሉም ግን አንጀቴን የሚያሳርረኝ ክብደቱ አንድ የተባለው ነው። እያንዳንዱ ካሽ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። አንድ ማለት ሕፃን ያገኘዋል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ፈልገህ ታጣለህ። ቤት ገብተህ ያለፉትን መልእክቶች ስታነብ «ከልጆቻችን ጋር በሁለት ደቂቃ አገኘነው፣ ደስ የሚል!» ይላል። የተጻፈው ትናንት ነው። ያን ሰው እንኳን ዕቃውን፣ ሰላምታውንም አልፈልገውም። ደግነቱ «አላገኘሁም» ብሎ መመዝገብ ይቻላል። ብዙ ሰው ግን አፍሮ ዝም ይላል። ክፋቱ ባለቤቱ ዕቃው መጥፋቱን የሚያውቀው በነዚህ መልእክቶች መሆኑ ነው። የአንተ እፍረት ከኋላህ ለሚመጣው ሰው የባከነ ቅዳሜ ነው።

አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜም አፑን ከፍቼ ነበር። ካርታው ላይ የሚታዩት ጥቂት ናቸው። አይገርመኝም። እዚያ ሰው የማያይበት ጥግ ከየት ይመጣል? በየበሩ ዘበኛ አለ፣ በየጥጉ ሊስትሮ አለ፣ ሥራ የፈታ ጎረምሳ አለ። ግድግዳ ሥር ለጥቂት ደቂቃ ብትጎነብስ «ምን ጠፋህ?» ብሎ አብሮህ የሚፈልግ ሰው ይሰበሰባል። ዓላማህን ብትነግረው ደግሞ ይብሳል። ክዳኑ የሚቆለፍ ደህና የፕላስቲክ ዕቃም ሜዳ ላይ አያድርም። ወይ ምሳ ዕቃ ይሆናል፣ ወይ ቁራሌው ይወስደዋል። ትክክለኛ ቦታውም እሱ ነው፣ ቅር አይለኝም። ደግሞ እኛ ቦታን በቁጥር አናውቅም። «ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፣ ስትደርስ ደውልልኝ» ነው የእኛ አድራሻ። ስልክ ሳይደወል ተጨርሶ የተገኘ ቤት አላውቅም።

ይሄን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን እኔም ደባቂ ሆኛለሁ። ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ከካውንቲው ፓርክ ፈቃድ መውሰድ አለብህ። ከዚያ በፈቃደኝነት የሚሠራ ገምጋሚ ያየዋል። የመጀመሪያ ቦታዬን ከለከለኝ። ለካ እዚያ አጠገብ፣ ካርታ ላይ የማይታይ፣ የሌላ ሰው እንቆቅልሽ መድረሻ ተደብቋል። 161 ሜትሩ አልሞላም። ወንዙን ተሻግሬ ሌላ ቦታ መረጥኩ። ፍንጭ ጻፍ ሲለኝ ደግሞ እጄ ራሱ በአዲስ አበባ ወግ ጻፈው። ድልድዩን ስትሻገር፣ የተሰነጠቀውን የሲካሞር ዛፍ አለፍ ብለህ፣ ጀርባህን ለውኃው ስጥ። ልጄ ይሄ ፍንጭ አይደለም፣ መልሱ ነው አለችኝ። ሌሎቹ ደባቂዎች አንድ ቃል ጽፈው ነው የሚተዉት። እኔ ግን የምፈልገው ሰው ሳጥኑን እንዲያጣ ሳይሆን ከዛፉ ሥር ቆሞ ወንዙ ሲታጠፍ እንዲያይ ነው።

መልእክት ሲመጣ ሥራ ቦታ ስልኬ ጥሪ ያሰማል። የማላውቀው ሰው «ዛሬ ከባድ ቀን ነበረኝ፣ እዚህ ትንሽ ቁጭ አልኩ» ብሎ ጽፏል። ሌላው ፍንጬ እንደ ደብዳቤ ይረዝማል ብሎ ቀለደ። የዚህ ሳምንቱ ግን ቅሬታ ነው። ሽኮኮ ክዳኑን በልታዋለች፣ ፎቶውም አብሮ ተልኮልኛል፣ ጥርሷ በደንብ ይታያል። ፕላስቲክ ላይ የምግብ ሽታ ከቀረ ሽኮኮ አትምርም። መፍትሔው የብረት የጥይት ሳጥን ነው። ልገዛ ስል ባለቤቴ የጥይት ሳጥን ቤቴ አይገባም አለች። መኪና ውስጥ ይደር ብዬ እየተደራደርን ነው።